የሚጠበቅ ሰው ብዛት

የካቲት 4

ወንድሜ፣

እኛ ደህና ነን። ደህና ባንሆንም ደህና ነን ብዬ እንደምጽፍ ታውቃለህ፤ የዛሬው ግን የእውነት ነው።

የፖሊስ መምሪያችሁ ወረቀት ትናንት ደረሰን። የሰፈሩ ኮሚቴ ጸሐፊ ስለሆንኩ ለሰዉ ጮክ ብዬ የማነበው እኔ ነኝ። ከላይ ጀምሬ እስከ ማህተሙ ወረድኩና ፊርማው ላይ ስደርስ ድምጼ ቁርጥ አለ። ሰዉ የሂሳቡ ብዛት ያስደነገጠኝ መስሎት ውሃ አቀረበልኝ። እኔ ያየሁት ግን በስምህ የመጨረሻ ፊደል ላይ የምትጎትታትን ጭራ ነው። ሁለተኛ ክፍል ሳለህ አስተማሪህ በቀይ እስክሪብቶ እየሰረዘ ያስለቀሰህ ጭራ እስከ መስሪያ ቤት ድረስ ተከትሎሃል።

ከወረቀቱ ጀርባ በእርሳስ የጻፍካቸውን ሁለት መስመሮችም አይቻለሁ። ማንም ሳያይ በላጲስ አጥፍቻቸዋለሁ። ለመጀመሪያው መልሱ አዎ ነው፤ አሁንም እዚያው ቤት ነን፣ በሩን ብቻ ሰማያዊ ቀባነው። ሁለተኛው ግን በእርሳስ ተጠይቆ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም። ስትመጣ ራሱን ባለቤቴን፣ ጋሼህን ጠይቀው።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ። ለአንዲት መንገድ አስራ ሁለት ፖሊስ ምን ያደርጋል? መንገዳችንን ረስተኸው ከሆነ ላስታውስህ፤ ከዳቦ ቤቱ እስከ ጸጉር ቤቱ ሦስት መቶ እርምጃ አይሞላም። በዓመት አንድ እሁድ መኪና ይከለከላል፣ ሰው ወንበሩንና ጠረጴዛውን ደጅ ያወጣል፣ ሙዚቃ ይኖራል፣ ልጆች ጆንያ ውስጥ ገብተው ይሮጣሉ፣ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ሁሉም ወደየቤቱ ይገባል። በቃ፣ ይኸው ነው። ድሮ ሁለት ፖሊስ ይበቃው ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ከሁለቱ አንዱ አንተ ነበርክ።

ከዚያ አደጋ ወዲህ ስድስት ዓመት ሙሉ ተከልክለን ዘንድሮ ማዘጋጃ ቤቱ ፈቀደልን። ግን የፖሊሱን፣ የብረት አጥሩንና የጽዳቱን ወጪ አዘጋጁ ይሸፍን አለ። አጥሩንና ጽዳቱን እንችላለን። የአስራ ሁለት ፖሊስ የውሎ አበል ግን ኮሚቴው በሦስት ዓመት የሚሰበስበው ነው። እስከ ሚያዝያ 10 ካልከፈልን ወይም ሂሳቡ ካልተሻሻለ መንገዳችን ለበዓል ከሚዘጉ መንገዶች ዝርዝር ይሰረዝና አውቶቡስ ይገባበታል። አውቶቡስ አንዴ ከገባ ደግሞ ማንም አያስወጣውም።

ስልክ ስለማታነሳ ነው በፖስታ የጻፍኩልህ። የምትመልስልኝ ከሆነ በእስክሪብቶ ይሁን።

እህትህ


የካቲት 15

እትዬ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ስለዘገየሁ ይቅርታ። ይህን የምጽፈው በምሳ ሰዓቴ ነው፤ ወረቀቱም የራሴ ነው፣ የመስሪያ ቤት አይደለም።

መጀመሪያ ስራዬን ላስረዳሽ። የምቀመጠው ሁለት ጠረጴዛ ብቻ በሚይዝ ክፍል ውስጥ ነው፤ በመስኮቱ የአውቶቡስ ጋራዥ ይታየኛል። ከየከተማው የሚላከውን ቅጽ አነባለሁ፣ ግድግዳው ላይ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር አመሳክራለሁ፣ ስንት ፖሊስ እንደሚያስፈልግ ጽፌ እፈርማለሁ። የእናንተ ቅጽ እኔ ጠረጴዛ ላይ የወደቀው በአጋጣሚ ነው። ተራው የኔ ነበር።

ቅጹ ላይ "የሚጠበቅ ሰው ብዛት" ይላል። እናንተ "አንድ (ኪቦርድ ተጫዋቹ)" ብላችሁ ሞላችሁ። የተጠየቃችሁት ስንት ሰው ይመጣል ተብሎ እንደሚታሰብ ነው እንጂ ለስንት ሰው ዘብ እንደሚቆም አይደለም። ቀጥሎ "የሚጠበቅበት ሰዓት" በሚለው ላይ "ሲጫወት ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ራሱን ይችላል" ብላችኋል። "የሚጠበቅ ችግር" በሚለው ላይ ደግሞ "ችግር አይጠበቅም፣ ይባረራል" ብላችኋል። አለቃዬ ይህችን ሦስት ቢሮ ዞሮ አንብቦላቸዋል። እኔ እዚያው አልሳቅኩም፤ በኋላ ደረጃው ላይ ሳቅኩ።

ቁጥር ስላልነበረ ራሴ ገመትኩ፤ ስምንት መቶ ሰው። በሠንጠረዡ መሠረት ለስምንት መቶ ሰው አራት ፖሊስ ነው። ከዚያ በታች "ከዚህ በፊት የደረሰ አደጋ" የሚል መስመር አለ። በመዝገቡ ላይ ጥፋቱ የሕዝቡ ከሆነ ቁጥሩ በሦስት ይባዛል። ጥፋቱ የጥበቃው ከሆነ ግን አዘጋጁ አይጠየቅበትም፣ አይባዛም። የእናንተ መዝገብ "ሕዝቡ ገመዱን በጥሶ ወጣ፣ አንድ ሰው ተጎዳ" ይላል። ስለዚህ አራቱ በሦስት ተባዝቶ አስራ ሁለት ሆነ። የሠንጠረዡ ስራ ነው፣ የኔ አይደለም።

ጋሼን ሰላም በይልኝ። መስማት ካልፈለገ ተይው።

ወንድምሽ


የካቲት 27

ማሙሽ፣ (ወይስ ሳጅን ልበልህ?)

ደብዳቤህን የምሳ ሰዓትህንና የጋሼህን ነገር ዘልዬ ለኮሚቴው አነበብኩላቸው። ሊቀመንበራችን፣ ጡረታ የወጡት መምህር፣ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። አርባ ዓመት ሰዋስው ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ቅጹን ያስሞሉን ደግሞ እሳቸው። ለነገሩ በዚያች "ይጠበቃል" በምትባል ቃል ስንከራከር ቀኑ አልቆ ነበር። ጸጉር አስተካካዩ "እኛ ሰፈር ማን ነው የሚጠበቀው? ሁሉም የራሱ ዘበኛ ነው" አለ። መምህሩ "ፖሊስ ከጠየቀ ባዶ አይተውም፤ መልስ መስጠት ግድ ነው" አሉ። በመጨረሻ ያኔ ልጆች ኪቦርዱ ላይ ወጥተው ሦስት ቁልፍ የሰበሩበት ሰውዬ ትዝ አለንና እሱ ይጠበቅ ብለን ተስማማን። አሁንም ቢሆን መምህሩ ጥፋቱን አልወሰዱም። "የሚጠየቀው ሁለት ትርጉም ያላትን ቃል ቅጽ ላይ ያሰፈረው ነው" ብለዋል።

እኔን ብቻዬን ቢጠይቁኝ በአንተም ትርጉም ያው አንድ ነበር የምጽፈው። ስድስት ዓመት የምጠብቀው ሰው አንድ ነው።

ስምንት መቶው ልክ ነው፤ በሱ ተስማምተናል።

ሰላምታህን አድርሻለሁ። "ደህና ነው?" አለ፤ "ደህና ነው" አልኩት፤ ወደ ስራው ሄደ። በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ስለ እጁ ለጠየቅከው፣ የቀኙ ሁለት ጣቶች አይታጠፉም። መላጊያ መጨበጥ ስለማይችል አናጢነቱን ትቶ እዚያው የእንጨት ስራ ቤት ቫርኒሽ ይቀባል። ቁልፍ መቆለፍም ያስቸግረው ነበር፤ እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁ? ሸሚዙንም ኮቱንም ሁሉ ዚፕ አደረግኩለት። ሰው ይስቅበታል፤ እሱ ደንታም የለው።

አሁን አንድ ነገር አስረዳኝ። ያን ቀን እኔ በዳቦ ቤቱ ጫፍ ስለነበርኩ በጸጉር ቤቱ ጫፍ የሆነውን አላየሁም። "ሕዝቡ ገመዱን በጥሶ" የሚለውን ሳነብ ጸጉር አስተካካዩ ከት ብሎ ሳቀ። "የቱን ገመድ?" አለና ተነስቶ ጓሮ ወሰደን። ገመዱ እሱ ጋ ነው፤ ስድስት ዓመት ፎጣ ሲያሰጣበት ኖሯል። ከጫፍ እስከ ጫፍ በእጄ ዳበስኩት። የተቋጠረበት ቦታ እንኳ የለውም። ያልተበጠሰ ገመድ እንዴት ተበጠሰ ተብሎ ይጻፋል? የዚያን ሪፖርት ግልባጭ ላክልኝ።

እህትህ


መጋቢት 9

እትዬ፣

ግልባጭ ለአዘጋጅ አይሰጥም፣ መመሪያው አይፈቅድም። ይቅርታ። መዝገቡ ላይ ያለው ባለፈው የጻፍኩልሽ ነው፤ የምጨምርበት የለኝም።

ሌላ መላ አስቤያለሁ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ያለው ኳስ ሜዳ አጥር ስላለው የመንገድ መዝጊያ ፈቃድ አይጠየቅበትም፣ ፖሊስም አይታሰብበትም። በዓሉን እዚያ ብታደርጉት ወጪው ይቀርላችኋል። ቅጹን ራሴ ሞልቼ አያይዤዋለሁ፤ የቀረው ፊርማ ብቻ ነው።

የዚፑን ነገር አነበብኩ።

ሰሞኑን ስራ በዝቶብኛል። ቶሎ ካልመለስኩ አትቀየሚኝ።

ወንድምሽ


መጋቢት 20

ወንድሜ፣

ቅጹን መልሼልሃለሁ። የሞላኸው አንተ ነህና አንተው ፈርመህ ሜዳው ላይ ብቻህን ደንስበት።

ሰው ደጁ ላይ ወንበር አውጥቶ የሚቀመጥበትን ቀን እንዴት አጥር ውስጥ አስገቡት ትለናለህ? የመምህሩ ባለቤት ከአልጋ ወደ መስኮት፣ ከመስኮት ወደ ደጅ ናት። ከደጅ አልፋ አትሄድም። በዓሉ በሷ በር ሲያልፍ ነው ለሷ በዓል የሚሆነው። አንተ ይሄን ሳታውቀው ቀርተህ አይደለም፤ ወረቀት እያየህ ስትኖር ተውከው እንጂ።

ተናድጃለሁ፤ ስናደድ ደግሞ እጄ ስለሚፈጥን ፊደሉን ችለህ አንብበው። ልጄ ስትመረቅ አልመጣህም። ታምሜ ሆስፒታል ስተኛ አበባ ላክህ። አበባ! ባለ ሱቁ ከማን እንደሆነ እንኳ አልነገረኝም፤ በካርዱ ላይ ባለችው ጭራ ነው ያወቅኩህ። ያን ጊዜ ስራ በዝቶበት ነው አልኩ፣ ቀጥሎ ያለበት ሩቅ ነው አልኩ፣ አሁን ግን የምለው አጣሁ።

ደግሞ ሌላ ነገር። ትናንት ይህን ደብዳቤ ልጀምር ስል ጋሼህ ከኋላዬ መጣና "ስለ ገመዱ አትጨቅጭቂው" አለኝ። እኔ ስለ ገመዱ እንደጠየቅኩህ ለሱ ነግሬው አላውቅም። "ምን አውቀህ ነው?" ስለው ብሩሹን ማጠብ ጀመረ። ንጹህ ብሩሽ ነበር።

ሁለታችሁ የምታውቁት፣ እኔ ግን የማላውቀው ነገር አለ። ሚያዝያ 10 ሃያ ቀን ቀረው። መንገዱ ከተሰረዘ ስለ ምን እንደተሰረዘ ማወቅ እፈልጋለሁ።

እህትህ


መጋቢት 25

እትዬ፣

ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀድጃለሁ። ይህን ግን አልቀደውም።

ያን እሁድ በጸጉር ቤቱ ጫፍ የቆምኩት እኔ ነበርኩ። የያኔው አለቃዬ ኢንስፔክተሩ አውቶቡሶች በዚያ በኩል ስለሚዞሩ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ማንም እንዳይወጣ አዞኝ ነበር። ገመዱ በአንድ ወገን ግድግዳው ላይ ታስሯል፤ በሌላው ወገን በመብራቱ ምሰሶ ዞሮ ጫፉ በእጄ ነው። ለአስራ አንድ ሩብ ጉዳይ ሲሆን ዝናብ ጣለ። ሙዚቃው ቆመና ሰዉ ሁሉ ወደኔ መጣ።

ክፈት አሉኝ። "አስራ አንድ አልሞላም" አልኩ። ከኋላ ያሉት ፊት ያሉትን ይገፋሉ፤ ፊት ያሉት ደግሞ ገመዱ ላይ ናቸው። ጋሼ በሰው መሃል ተሹለክልኮ ፊቴ ደረሰና "ማሙሽ፣ ልቀቀው" አለኝ። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ማሙሽ አለኝ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ የደንብ ልብሱ ገና ከካርቶን ወጥቶ ስድስት ወሩ ነው። ተናደድኩ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ ነበር፣ አላገኘሁም። እትዬ፣ በእልህ ነው አጥብቄ የጎተትኩት።

ፊት የነበረች አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት ገመዱ ሆዷ ላይ መጣባት። ጋሼ ከሷ ሊያርቀው በቀኝ እጁ ያዘው። ከኋላ ሲገፉ እጁ በገመዱና በብረቱ ምሰሶ መሃል ቀረ። ድምጹን ሰምቻለሁ። ያኔ ለቀቅኩ። ሰዉ ወጣ፤ ገመዱም ሳይበጠስ መሬት ላይ ወደቀ።

ኢንስፔክተሩ "ሕዝቡ በጥሶት ወጣ ብለህ ጻፍ፣ አለበለዚያ ሁለታችንም አለቀልን" አለኝ። ጻፍኩ። አራት መስመር ናት። ምስክር ያስፈልጋል ስለተባለ በማግስቱ ወረቀቱን ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። ጋሼ እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ አልጋ ላይ ነው። አነበበው። ሲያነብ መስኮቱን እያየሁ ጠበቅኩ። እንዴት እንዲህ ትጽፋለህ ቢለኝ ኖሮ እቀደው ነበር ብዬ ራሴን ስሸነግል ኖሬያለሁ። እሱ ያለኝ ግን "የት ጋ ልፈርም?" ነው። በግራ እጁ ፈረመ።

በሳምንቱ ዝውውር ጠየቅኩ።

አሁን በየቀኑ ከዚያ ሠንጠረዥ ፊት እቀመጣለሁ። የእናንተ ቅጽ ሲመጣ በራሴ ውሸት አባዝቼ ፈረምኩበት። ሪፖርቱን ላርም ብል የጋሼ ምስክርነት የሐሰት ሊሆን ነው፤ እሱን ላለማስጠየቅ ብዬ ዝም አልኩ። ይህ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ፈሪ ስለሆንኩ ነው።

ጋሼን ጠይቂው። የተለየ ነገር ካለሽ የሱን እመኚ።

ወንድምሽ


ሚያዝያ 3

ማሙሽ፣

ደብዳቤህን ሱቄ ውስጥ አነበብኩት። ደንበኛዬ የሠርግ ቀሚሷን ልትለካ ቆማ ነበር። "ነገ ተመለሺ" ብዬ መለስኳት፤ በስራዬ እንዲህ አድርጌ አላውቅም።

ለሁለት ቀን ሁለታችሁንም ጠላኋችሁ። እውነቱን ልንገርህ፣ ከአንተ ይልቅ እሱን። አንተ ጥፋትህን ተሸክመህ ሩቅ ሄድክ፤ እሱ ግን ስድስት ዓመት አጠገቤ ተኝቶ እጁን ስዳብስለት አንድ ቃል አልተነፈሰም። በሦስተኛው ቀን ራት ላይ ደብዳቤህን ሳህኑ አጠገብ አስቀመጥኩለት። አንብቦ ሲጨርስ "ሁሉን ጽፎታል፣ ጎበዝ" አለ። አበድኩ! "ጎበዝ ነው የምትለው?" ብዬ ጮኽኩበት፤ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። "ልጁ ስራ ከያዘ ገና ስድስት ወሩ ነበር። እጄ እንደሆነ በሪፖርት አይድን። ቢያባርሩት አንቺ ነሽ የምታለቅሺው፤ እጄም ተሰብሮ አንቺም አልቅሰሽ አይሆንም አልኩ" አለ። "ታዲያ አልተቀየምከውም?" አልኩት። "በእጄ አልተቀየምኩም። ከፈረምኩለት በኋላ ተመልሶ መጥቶ 'እንዴት አደርክ' አለማለቱ ነው የከነከነኝ" አለ። በእርሳስ ለጠየቅካት ሁለተኛዋ ጥያቄ መልሱ ይኸውልህ።

በማግስቱ ባለዚፑን ኮቱን ለብሶ ፖሊስ ጣቢያ ሄደ። "የዛሬ ስድስት ዓመት የሰጠሁት ምስክርነት ሐሰት ነው፤ ላርመው መጣሁ" አላቸው። ተረኛው ግራ ገባው። ከስድስት ዓመት በኋላ እንዲህ ብሎ የመጣ ሰው አልገጠመውም መሰለኝ። በኋላ መዝገቡን አይተው ሪፖርቱን የጻፈው ሰው ሳያርም ምስክሩ ብቻውን ማረም አይችልም ብለው መለሱት።

የላከብህ መልእክት ይህ ነው፤ "እኔ ሄጄ ነበር በይው። የቀረው እሱ ነው።"

እኔ ምን እንደምልህ አላውቅም። መንገዱ እንዲቀርልኝ እፈልጋለሁ፣ አንተም ከእንጀራህ እንዳትወጣ እፈልጋለሁ። ሁለቱ አብሮ እንደማይሆን ስለገባኝ አድርግም አታድርግም አልልህም። ቀኑ ግን ሰባት ነው የቀረው።

እህትህ


ሚያዝያ 9

እትዬ፣

ይህን በሾፌር እጅ ነው የምልክልሽ፤ ፖስታው አይደርስም።

የተያያዘው የታረመው ሪፖርት ነው። አሁን ግልባጭ ማግኘት ትችያለሽ፤ የአዘጋጁ ጥፋት የሌለበት መዝገብ ለአዘጋጁ ይሰጣል ይላል መመሪያው። ሁለተኛው ወረቀት አዲሱ ሂሳብ ነው፤ አራት ፖሊስ፣ አይባዛም። እኔ መፈረም ስላልተፈቀደልኝ የፈረመው አለቃዬ ነው። ነገ ከስድስት ሰዓት በፊት ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ክፍል አስገቢው፤ ገቢ የሆነበትን ማህተም ሳትቀበይ እንዳትወጪ።

ስለ ጋሼ የሕግ ክፍሉን ጠይቄያለሁ። አልጋ ላይ እያለ የፈረመ ስለሆነና ራሱም ሊያርም ስለመጣ ቃሉን ተቀብለው ይዘጉታል። ኢንስፔክተሩ ጡረታ ወጥቷል፤ እሱን ይጠሩታል።

እኔን በሚመለከት የዲሲፕሊን ጉባኤው ትናንት ተቀመጠ። ሳጅንነቱ ተነስቷል፤ ከሰኞ ጀምሮ ከቢሮ ወጥቼ እንደ ማንኛውም ኮንስታብል መንገድ ላይ እሰማራለሁ። ስራው አልተወሰደብኝም። ጠረጴዛዬን አጸዳሁ፤ ከሁለት እስክሪብቶና ከአንድ ሲኒ በቀር የኔ የሆነ ነገር አልነበረውም።

አታልቅሺ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ትናንት እስኪነጋ ተኛሁ።

ወንድምሽ


ግንቦት 6

እትዬ፣

ስለ በዓሉ የጻፍሽው ረጅም ደብዳቤ ደርሶኝ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህሩ አርባ ደቂቃ መናገራቸው አልገረመኝም። ባለቤታቸው ደጅ ወጥተው ንግግሩን ማቋረጣቸው ግን ደስ አሰኝቶኛል። ጋሼ በግራ እጁ ምስማር እየመታ የሠራው መድረክ እስከ መጨረሻው መቆሙንም አንብቤያለሁ። አራቱ ፖሊሶች የጆንያ ሩጫ ዳኛ መሆናቸው ግን በመመሪያው የለም፤ ለማንም አትንገሪ።

ለምን አልመጣህም ላልሽው፣ የዚያኑ እሁድ ስራ ላይ ነበርኩ። እዚህም አንድ ሰፈር መንገዱን ዘግቶ ነበር። ማንም የማያውቀኝ ሰፈር ነው። ወደ ትልቁ መንገድ በሚያወጣው ጫፍ አቆሙኝ። ያው ገመድ፣ ያው ትእዛዝ፤ ከአስራ አንድ ሰዓት በፊት ማንም እንዳይወጣ።

ዝናብ አልነበረም፤ ሰዉ ዝም ብሎ ደከመውና መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ አስር፣ ቀጥሎ መቶ፣ ከዚያ ጫፉ የማይታይ ሆነ። ማንም አልሰደበኝም፣ ማንም ክፈት አላለኝም። ፊት ያሉት ደረታቸው ገመዱን ነክቶ ወደ ኋላ መመለስ ሲያቅታቸው አየሁ። ሰዓቴን ተመለከትኩ፤ ለአስራ አንድ ሃያ ጉዳይ ነው። አንድ አውቶቡስ እየመጣ ነበር፤ መሃል መንገድ ገብቼ በእጄ አስቆምኩትና ገመዱን ለቀቅኩ። ሰዉ ወጣ። አንዲት ሴትዮ ስታልፍ "እግዜር ይስጥልኝ" አለችኝ፤ ሌላው ሁሉ ዞሮም አላየኝ።

ኃላፊያችን ጠርቶ ያለ ትእዛዝ ለምን እንደከፈትኩ በጽሑፍ እንዳስረዳ አዘዘኝ። "ሰው ተጨናንቆ ስላየሁ ገመዱን ለቀቅኩ። ሰዉ በሰላም ወጣ" ብዬ ጻፍኩለት። አነበበና "የተጎዳ አለ?" አለኝ። "የለም" አልኩ። "ታዲያ ምንም ላልሆነ ነገር ምን ብዬ መዝገብ ልክፈትለት?" ብሎ ወረቀቱን መለሰልኝ።

እሷን ወረቀት አያይዤያታለሁ። ለጋሼ ስጪልኝ። እንዲፈርምባት አይደለም።

ከግንቦት 18 ጀምሮ የአራት ቀን እረፍት አለኝ። ማክሰኞ ጠዋት በሚደርሰው አውቶቡስ ልመጣ አስቤያለሁ። ጋሼ ካልፈለገ ግን ጻፊልኝና እቀራለሁ፤ አልቀየምም።

ወንድምሽ


ግንቦት 13

ማሙሽ፣

ወረቀቷን ከስራ እንደተመለሰ ሰጠሁት። ቆሞ አነበባት፣ ከዚያ ተቀምጦ ደግሞ አነበባት። "ሃያ ደቂቃ ቀድሞ ለቀቀ?" አለኝ። "ሃያ ደቂቃ" አልኩት። መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ እየጠረገ ብዙ ቆየ።

የምትመጣበትን ቀን ነገርኩት። ተነስቶ ጎረቤት ሄደና የስራ ባልደረባውን ደጅ ላይ ሲያነጋግረው በመስኮት ሰማሁት።

"ማክሰኞ እኔን ተካልኝ፤ ስራ አልገባም" አለው።

እህትህ